«ሰመጠ» ሌላ፣ «ተሰነጠቀ» ሌላ፤ የቤት ኢንሹራንስና የሚከዳ መሬት

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ፍሎሪዳ ውስጥ ቤት ሊገዛ ነው። ባንኩ «ኢንሹራንስ አምጣ» ብሎታል፣ ኤጀንቱ ወረቀት ልኮለታል፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። «የሲንክሆል ሽፋን» ትላለች፤ እፈልጋለሁ ወይም አልፈልግም ብለህ ምልክት ታደርጋለህ። «ይሄ ነገር ዋናው ውስጥ የለም እንዴ?» አለኝ። የለም አልኩት። ትንሽ አሰብኩና «አለ» አልኩት። ሳቀብኝ። ግን ሁለቱም እውነት ነው፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሲንክሆል ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የፍሎሪዳ መሬት ከላይ አሸዋና ሸክላ አፈር ነው፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየያዘ በትንሹ አሲድ ይሆናል። ይህ ውሃ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቆች ውስጥ እያለፈ፣ በጣም በዝግታ፣ ድንጋዩን እያሟሟ ዋሻ ይቦረቡራል። ዋሻው በውሃ እስከተሞላ ድረስ ጣሪያው ተደግፎ ሊቆይ ይችላል። የከርሰ ምድር ውሃው ሲወርድ ድጋፉ ይጠፋል። ወይ ደግሞ ከባድ ዝናብ ይዘንብና ከላይ ያለው አፈር ይከብዳል። ያኔ አፈሩ ወደ ዋሻው መውረድ ይጀምራል። አንዳንዴ ቀስ ብሎ ነው፤ ሜዳው ለዓመታት ትንሽ ትንሽ እየሰረጎደ ይሄዳል። አንዳንዴ ግን ጣሪያው በአንድ ጊዜ ይናዳል፣ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ አብሮት ይገባል።

በ2010 ጃንዋሪ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፕላንት ሲቲ አካባቢ የሆነው ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። ኃይለኛ ቅዝቃዜ መጣ። የእንጆሪ ገበሬዎች ተክላቸው በውርጭ እንዳይመታ ከመሬት ውሃ እየሳቡ ሌት ተቀን ረጩበት፤ ውሃው ተክሉ ላይ ሲረጋ ከብርዱ ይከላከልለታል። የከርሰ ምድሩ ውሃ በቀናት ውስጥ በብዙ ሜትር ወረደ። ከዚያ ከ100 በላይ ሲንክሆሎች ተከፈቱ። እንጆሪው ሲድን የሰው ቤት ተሰነጠቀ።

ትልልቆቹን ሁሉም ያውቃቸዋል። በ1981 ሜይ ወር ዊንተር ፓርክ ውስጥ የተከፈተው ጉድጓድ ስፋቱ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። አንድ መኖሪያ ቤት፣ የከተማውን መዋኛ ገንዳ አንድ ክፍልና ለጥገና የገቡ የፖርሽ መኪናዎችን ዋጠ። ዛሬ ሐይቅ ሆኗል። በ2013 ፌብሩዋሪ ሴፍነር ውስጥ አንድ ሰው መኝታ ክፍሉ ውስጥ እንደተኛ ወለሉ ተከፍቶ ዋጠው፤ አስከሬኑ እንኳን አልተገኘም። ተሞልቶ የተዘጋው ያ ጉድጓድ በ2015 እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ተከፈተ። በ2017 ጁላይ ላንድ ኦ ሌክስ ላይ ሁለት ቤቶች በሰዓታት ውስጥ ገቡ።

በዜና የምናየው ይህን ነው። ስለዚህ «ሲንክሆል» ሲባል ጭንቅላታችን ውስጥ የሚመጣው ክብ ጥቁር ጉድጓድና ጫፉ ላይ የተንጠለጠለ ግማሽ ቤት ነው። የአብዛኛው ሰው ሲንክሆል ግን ይህን አይመስልም። በር ነው። ለዓመታት ደህና ሲዘጋ የነበረ የመኝታ ቤት በር፣ አንድ ቀን ላይኛው ጥግ ላይ ይይዝና አልዘጋም ይላል። ከዚያ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በብሎኬቱ መጋጠሚያ መስመር እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚወርድ ስንጥቅ ይመጣል። ወለሉ ላይ ብይ ብታስቀምጡ ወደ አንድ ጥግ ይንከባለላል። ጓሮ ውስጥ ሣሩ በክብ ይደርቃል፤ አጥሩ ይዘማል። ቤቱ ቆሟል፣ መብራቱ ይበራል፣ ትኖሩበታላችሁ። እና በኢንሹራንስ ዓይን ይህ ቤት ከዚያ ከተዋጠው ቤት ጋር በፍጹም አንድ አይደለም።

መደበኛው ፖሊሲ ምን ይላል

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የሚገዛው የቤት ኢንሹራንስ ኤችኦ-3 የሚባለውን ዓይነት ነው። ስለ ቤቱ ሲናገር አቀራረቡ ለጋስ ይመስላል፤ «ከሚከተሉት በስተቀር ሁሉንም እሸፍናለሁ» ነው የሚለው። ነገሩ ያለው «ከሚከተሉት በስተቀር» የሚለው ውስጥ ነው። እዚያ ዝርዝር ላይ «የመሬት እንቅስቃሴ» የሚል አንቀጽ አለ። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የመሬት መንሸራተት፣ የጭቃ ናዳ፣ መስመጥ፣ ሲንክሆል፣ ባጠቃላይ መሬት ወደ ላይ ቢነሳ፣ ወደ ታች ቢወርድ፣ ወደ ጎን ቢሄድ፣ አይመለከተንም ይላል። አዲሶቹ ቅጾች ላይ ደግሞ ምክንያቱ ተፈጥሮም ይሁን ሰው ወይም እንስሳ ለውጥ የለውም ተብሎ ተጨምሯል። የሚቀረው አንድ ቀዳዳ ነው፤ መሬቱ ሲንቀሳቀስ የጋዝ ቱቦ ተበጥሶ እሳት ወይም ፍንዳታ ካስነሳ፣ እሳቱ ላደረሰው ጉዳት ይከፈላል። ለስንጥቁ አይደለም፣ ለእሳቱ።

እዚህ ላይ አንድ የምትጎዳ ዓረፍተ ነገር አለች፣ ብዙ ሰው ዘሎ ያልፋታል። ከዝርዝሩ በላይ ተቀምጣ «ሌላ ማንኛውም ምክንያት አብሮም ሆነ ቀድሞ ወይም ተከትሎ ቢያግዝም» ሽፋን የለም ትላለች። በሰውኛ እንዲህ ነው፦ ከቤታችሁ ሥር የውሃ ቱቦ ፈነዳ እንበል። ቱቦ መፈንዳት በራሱ ብዙ ጊዜ የሚሸፈን ነገር ነው። ውሃው ግን አፈሩን አጥቦ ወሰደው፣ መሬቱ ሰመጠ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ። እናንተ «ቱቦው ነው» ትላላችሁ። ኩባንያው «መሬቱ ነው፣ ቱቦው ቢያግዘውም ለእኔ ያው ነው» ይላል። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደተጻፈች ይቀበሏታል፣ አንዳንዶች ደግሞ አይቀበሏትም፤ ስለዚህ መልሱ እንደምትኖሩበት ስቴት ነው። እኔ በበኩሌ ከፖሊሲው ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የማንበብ ዕድል ቢሰጠኝ ይህችን ነው የማነበው።

«ፖሊሲዬ ላይ እኮ 'መደርመስ' የሚል ሽፋን አይቻለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ አለ። ግን አንብቡት። የሚሸፍነው ሕንፃው ወይም ከፊሉ በድንገት ሲወድቅ ነው፤ ያውም በተጠቀሱት ምክንያቶች ብቻ፦ ተደብቆ የኖረ የእንጨት መበስበስ፣ ተደብቆ የኖረ የምስጥና የነፍሳት ጉዳት፣ ጣሪያ ላይ የተጠራቀመ ዝናብ ክብደት፣ የመሳሰለው። የመሬት መስመጥ ከምክንያቶቹ መሀል የለም። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ የቆመ ሕንፃ ቢሰነጠቅ፣ ቢያብጥ፣ ቢጎብጥ፣ ቢዘም፣ ቢሰምጥ «ተደርምሷል» አይባልም ይላል። ሊወድቅ የደረሰም ቢሆን አልተደረመሰም። እስኪወድቅ መጠበቅ አለባችሁ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ከዝርዝሩ ውስጥ ከሆነ።

የጎርፍ ኢንሹራንስስ? የፌዴራሉ የጎርፍ ፖሊሲ የመሬት እንቅስቃሴን፣ ጎርፉ ራሱ ያመጣው ቢሆን እንኳ፣ ከሽፋኑ ያወጣዋል፤ ሲንክሆልም በስም ተጠርቷል። የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨማሪ ሽፋን የገዛችሁም አትመኩበት። ብዙውን ጊዜ እሱ የሚመለከተው መንቀጥቀጡን ብቻ ነው።

ፍሎሪዳ ያመጣችው ሁለት ስም

አሁን ወደዚያች ሳጥን እንመለስ። የፍሎሪዳ ሕግ አንድ ሳይሆን ሁለት ሽፋን ነው የሚያውቀው፣ ስማቸው ስለሚመሳሰል ነው ሰው የሚምታታው።

አንደኛው ግዴታ ነው። ስቴቱ ውስጥ የቤት ኢንሹራንስ የሚሸጥ ኩባንያ ሁሉ ፖሊሲው ውስጥ ማካተት አለበት። «ከባድ የላይኛው መሬት መደርመስ» ብለን ልንተረጉመው እንችላለን። ለወዳጄ «አለ» ያልኩት እሱን ነው። ግን ክፍያ እንድታገኙበት አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው፣ አራቱም በአንድነት። መሬቱ በድንገት መናድ አለበት። የተፈጠረው ጉድጓድ በዓይን በግልጽ መታየት አለበት። ሕንፃው፣ መሠረቱ ጭምር፣ መዋቅራዊ ጉዳት ሊደርስበት ይገባል። እና አራተኛው፣ ሥልጣን ያለው የመንግሥት አካል ቤቱን ለመኖሪያ አይሆንም ብሎ ዘግቶ «ውጡ» ብሎ ማዘዝ አለበት። ሕጉ ይህም አልበቃው ብሎ፣ መሠረት መስመጡ ወይም መሰንጠቁ ብቻውን በዚህ ሽፋን አይቆጠርም ብሎ ጽፏል።

አራተኛዋን ደግማችሁ አንብቧት። ሦስቱ ተሟልተው፣ ጓሯችሁ ተንዶ፣ ግድግዳችሁ ተከፍሎ፣ የካውንቲው ባለሙያ መጥቶ «አደገኛ ነው ግን መልቀቅ የለባችሁም» ካለ፣ በዚህ ሽፋን ምንም የለም። ሰው ደስ የሚለው «ቤትህ ደህና ነው፣ ኑርበት» ሲባል ነበር። እዚህ ያ ቃል ገንዘቡን ያስቀርባችኋል።

ሁለተኛው «የሲንክሆል ጉዳት» ሽፋን ነው። ይህ ለተሰነጠቀው ቤት ነው፤ ጉድጓድ ባይታይም፣ ማንም «ውጡ» ባይልም፣ ከሥር ባለው የሲንክሆል እንቅስቃሴ ምክንያት ቤቱ መዋቅራዊ ጉዳት ከደረሰበት። ግን ግዴታው የኩባንያው ማቅረብ ነው እንጂ የእናንተ መግዛት አይደለም። ተጨማሪ አረቦን ትከፍሉበታላችሁ። ኩባንያው ከመሸጡ በፊት ቤቱን ማስመርመርም ይችላል። «የለም» ያልኩት ይህን ነው።

እንዲህ የተከፈለው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የሲንክሆል ሽፋን የፍሎሪዳ የቤት ፖሊሲ አንድ አካል ነበር። ከ2007 በኋላም ጥያቄው አልቀነሰም፤ የስቴቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከኩባንያዎች በሰበሰበው መረጃ፣ በ2006 ዓመት 2,360 የነበረው የካሳ ጥያቄ በ2010 ወደ 6,694 ወጣ፤ በእነዚያ ዓመታት ወጪው ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ኩባንያዎቹ «ሰው እንደ ፀጉር ለቀጠነ ስንጥቅ ገንዘብ ይቀበላል፣ ቤቱን ሳይጠግን ዕዳውን ይከፍልበታል» አሉ። ባለቤቶች ደግሞ «ስንጥቁ የእናንተ ግድግዳ ላይ ቢሆን ፀጉር አትሉትም ነበር» አሉ። በ2011 ሕግ አውጪው ወደ ኩባንያዎቹ አዘነበለ። «መዋቅራዊ ጉዳት» የሚለው ቃል በምህንድስና መለኪያ ተተረጎመ፤ ከዚያ ወዲህ ስንጥቅ ስለታየ ብቻ ሳይሆን መሠረቱ ወይም ተሸካሚው ክፍል ሕንፃ ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ መንቀሳቀሱ ነው የሚለካው። ሁለቱም ወገን የተወሰነ እውነት አለው ብዬ አስባለሁ፤ ግን ለውጡ የከበደው ሁልጊዜ በትክክል በተጎዳው ሰው ላይ ነው፣ ማስረጃ ማምጣት የእሱ ሥራ ሆነ።

ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣውን፣ እዚህ ጋ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው አረቦኑን ብቻ ነው የሚያየው። ለሲንክሆል ሽፋን ዲዳክቲብሉ ቤቱ ኢንሹራንስ የተገባለት መጠን በመቶኛ ነው፤ 1፣ 2፣ 5 ወይም 10 በመቶ ሊሆን ይችላል። ቤቱ በ300,000 ዶላር ተሸፍኖ ዲዳክቲብሉ 10 በመቶ ከሆነ የመጀመሪያው 30,000 ከኪሳችሁ ነው። ከጉዳቱ 10 በመቶ አይደለም፣ ከጠቅላላው ሽፋን። የ28,000 ዶላር ጥገና ቢያስፈልጋችሁ ሽፋኑ እያላችሁ ምንም አታገኙም። አረቦኑ ረከሰ ብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ይህን ቁጥር ፈልጉ።

ስንጥቁን ያየን ቀን

የመጀመሪያው ስህተት ስቱኮ መለሰንና ቀለም መቀባት ነው። አትንኩት። ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስመር አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ከጎኑ ሳንቲም ይዛችሁ ፎቶ አንሱ፣ ስፋቱ እንዲታወቅ። ከአንድ ወር በኋላ ስንጥቁ የእርሳሱን መስመር አልፎ ከሄደ ሌላ መስመርና ሌላ ቀን ጨምሩ። ያች ግድግዳ ላይ ያለች የእርሳስ መሰላል ኢንጂነሩ ሲመጣ ከብዙ ወሬ ትበልጣለች።

ከዚያ ለኩባንያው አሳውቁ። ፍሎሪዳ ውስጥ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመቱ የሚቆጠረው ካወቃችሁበት ወይም ማወቅ ከነበረባችሁ ቀን ጀምሮ ነው። «ማወቅ ከነበረባችሁ» የምትለዋ ናት የምታስፈራው። ስንጥቁን ለሦስት ዓመት እያያችሁ «ቤት ሲያረጅ ነው» ብላችሁ ከቆያችሁ፣ ኩባንያው ያንኑ ይመዝዝላችኋል።

መጀመሪያ የሚመጣው የኩባንያው ገምጋሚ ነው። መዋቅራዊ ጉዳት ካየና መንስኤውን መለየት ካልቻለ፣ ወይም ሲንክሆል ሊሆን ይችላል ካለ፣ ኩባንያው ኢንጂነር ወይም የሥነ ምድር ባለሙያ ይልካል። እነሱ ከመሬት በታች የሚያይ ራዳር ጎትተው ሜዳውን ያዞሩታል፣ ከዚያ ቀዳዳ እየቦረቦሩ የብረት ናሙና መውሰጃ በመዶሻ ይመቱታል። መዶሻው የሚመታበትን ብዛት ይቆጥራሉ። ብዙ ምት ከጠየቀ አፈሩ ጠንካራ ነው። ጥቂት ሜትር ወርዶ ድንገት መሣሪያው ያለምንም ምት በራሱ ክብደት ከሰመጠ፣ ከሥር የላላ አፈር ወይም ባዶ ቦታ አለ። ሪፖርቱ ላይ ብዙ ነገር ይጻፋል፣ እናንተ ግን የዚያን ቁጥር ሠንጠረዥ ፈልጉ።

ቤትን የሚሰነጥቀው ሲንክሆል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሲደርቅ የሚጨማደድና ሲርስ የሚያብጥ ሸክላ አፈር አለ። ቤቱ ሲሠራ ተቀብሮ የቀረ የዛፍ ግንድ በስብሶ ባዶ ቦታ ይተዋል። ያረጀ የፍሳሽ ታንከር ይደረመሳል። በደንብ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ይወርዳል። ሁሉም ተመሳሳይ ስንጥቅ ያመጣሉ፣ አንዳቸውም በሕጉ ሲንክሆል አይደሉም፤ ሲንክሆል ለመባል ድንጋዩ በውሃ ሟሙቶ አፈሩ ወደዚያ መውረድ አለበት። የብዙ ክርክር ልብ ይህ ነው፤ የእነሱ ኢንጂነር «ሸክላ ነው» ይላል፣ የእናንተ «ሲንክሆል ነው» ይላል፣ መሬቱ ራሱ አይመሰክርም።

ኩባንያው ሳይመረምር «አይደለም» ካለ፣ የእምቢታው ደብዳቤ ከደረሳችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ «ምርመራ ይደረግልኝ» ማለት ትችላላችሁ። ከወጪው ግማሹን ወይም 2,500 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ትከፍላላችሁ። ሲንክሆል ነው ተብሎ ከተረጋገጠ ይመለስላችኋል። ከዚያም አልተስማማንም ካላችሁ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የስቴቱ የፋይናንስ አገልግሎት መምሪያ ገለልተኛ ገምጋሚ የሚመድብበት መንገድ አለ። ወጪውን ኩባንያው ይችላል። የገምጋሚው ቃል ማንንም አያስገድድም፣ ግን በኋላ ፍርድ ቤት ብትሄዱ ሊቀርብ ይችላልና እንደ ዋዛ አትዩት።

ተሳካ እንበል፤ ሲንክሆል ነው ተባለ። ቼክ ተቀብላችሁ ወደ ቤት የምትሄዱ ከመሰላችሁ ያ ድሮ ቀረ። መሬቱን የማጠናከሪያ ሥራ ውል በ90 ቀን ውስጥ መፈረም አለባችሁ፣ ሥራው ደግሞ በመደበኛ ሁኔታ በ12 ወር ውስጥ ማለቅ አለበት። እስክትፈርሙ ድረስ ኩባንያው የእርጅና ቅናሽ የተደረገበትን ዋጋ ብቻ መክፈል ይችላል። ሥራው ብዙ ጊዜ ወፍራም የሲሚንቶ ድብልቅ በቧንቧ በግፊት ወደ ታች መግፋት ነው፤ ከላይ ያለው አፈር የላላ ከሆነ ኬሚካል ይጨመራል፤ ቤቱ ከባድ ከሆነ መሠረቱ ሥር የብረት ምሰሶ ተተክሎ ወደ ጠንካራው ድንጋይ ይደገፋል። «ከክፍያው ይህን ያህል እመልስልሃለሁ» የሚል ሠራተኛ ከመጣ አባርሩት። ፍሎሪዳ ውስጥ ሕገ ወጥ ነው፣ እናንተንም ይዟችሁ ይገባል።

አንድ ነገር አይረሳ። በተራ የቤት ፖሊሲ መሬቱ ራሱ የተሸፈነ ንብረት አይደለም። የተሸፈነው ቤቱ ነው። ጓሮ መሀል ጉድጓድ ተከፍቶ ቤቱን ካልነካው የመሙያው አፈር ከኪሳችሁ ነው። የቤት ዕቃችሁ የሚሸፈነውም ሕንፃው ራሱ ጉዳት ከደረሰበት ነው። ሞርጌጁ ደግሞ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ገባ ብሎ አይቆምም፤ ባንኩ ያበደረው ለእናንተ ነው።

ከፍሎሪዳ ውጭ ያላችሁ፣ ነገሩ የሚለያየው በስቴት ነው። ቴነሲ ኩባንያዎች የሲንክሆል ሽፋን እንዲያቀርቡ ታስገድዳለች፤ እዚያም መጠየቅና መግዛት የእናንተ ፋንታ ነው። አላባማ፣ ቴክሳስ፣ ሚዙሪ፣ ኬንታኪ፣ ፔንሲልቬኒያ የኖራ ድንጋይ ወይም ሌላ የሚሟሟ ድንጋይ ያለባቸው ስለሆኑ ሲንክሆል ያውቃቸዋል፤ ኬንታኪ ውስጥ በ2014 የኮርቬት ሙዚየም ወለል ተከፍቶ ስምንት መኪና ገብቷል። በእነዚህ ስቴቶች ኤጀንቱን «ሲንክሆል ኢንዶርስመንት (ተጨማሪ ሽፋን) አላችሁ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ነው። ፔንሲልቬኒያና ኢሊኖይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፦ ከሥር የተተወ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ዋሻ። ለእሱ የተለየ ኢንሹራንስ አለ፤ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ራሱ ነው የሚሸጠው። የማዕድን ሽፋን ግን ተፈጥሯዊ ሲንክሆልን አይመለከትም፣ የሲንክሆሉም ማዕድኑን አይመለከትም። ሰው የቆፈረው ነው ወይስ ውሃ የቆፈረው ብለው ይጣሉላችኋል።

ቤት ልትገዙ ለሆናችሁ ደግሞ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሻጩ ለሲንክሆል ካሳ ተከፍሎት ከሆነ፣ መከፈሉንና ገንዘቡ በሙሉ ለጥገናው መዋል አለመዋሉን የመንገር ግዴታ አለበት። የኢንጂነሩ ሪፖርትም በካውንቲው መዝገብ ይገባል፣ ስለዚህ በሻጩ ቃል ብቻ አትኑሩ፣ ፈልጉት። ተመርምሮ በደንብ የተጠናከረ ቤት ከጎኑ ካለው ማንም ካልነካው ቤት የተሻለ መሬት ላይ ሊሆን ይችላል፤ በሪፖርቱ የምትፈሩ ከሆነ ሪፖርት የሌለውንም ፍሩ።

የሚያስቀኝ ነገር፣ መኪናችሁ ከቤታችሁ የተሻለ ዋስትና አላት። ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው የመኪና ሽፋን ካላችሁና መኪናዋ በር ላይ ቆማ መሬት ቢውጣት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈላችኋል። የመኪናው ኢንሹራንስ መንግሥት «ውጡ» አለ ወይስ አላለ ብሎ አይጠይቅም።

ወዳጄን ይህን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ ዲዳክቲብሉ ስንት ነው ብዬ ልጠይቅ?» አለኝ። ጠየቀ። 10 በመቶ ነው አሉት፣ መጀመሪያ ግን ቤቱን እናስመርምር አሉት። መርማሪው ሐሙስ ይመጣል። ሳጥኗ እስካሁን ባዶ ናት።